የኩላሊት መድኃኒቴን ኬክ ቤት የፈጨሁ ለታ

ዓመቱ 2017፣ ዕድሜዬ ሰባ ሦስት፣ ቦታው ፒያሳ። ትናንት በጠራራ ፀሐይ በዕፅ ተጠረጠርኩላችሁ!

አዎ፣ እኔ! ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከቅዳሴ ወጥቼ!

ሳቁ፣ ግድ የለም። ሰፈሩ በሙሉ ስቆ ጨርሷል። ሰው አጣሞ ከሚያወራብኝ ራሴ ፖስት ላድርገው ብዬ ነው። ፊደል የለቀምኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መቀስና መርፌ እንጂ እስክሪብቶ ብዙ አልያዝኩም። ስህተት ካያችሁ እለፉት።

ነገሩ የሚጀምረው ከኩላሊቴ ነው።

ባለፈው ክረምት ጠጠር ያዘኝ። የኩላሊት ጠጠር ይዟችሁ ያውቃል? ካልያዛችሁ ብነግራችሁም አይገባችሁም። ከያዛችሁ ደግሞ መንገር አያስፈልግም። ሴት ልጄ ፊት ወለል ላይ ተንከባልያለሁ። በቃ!

ጠጠሩ ወጣ። ሐኪሙ ሌላ እንዳይሠራ ብሎ ፖታሲየም ሲትሬት የሚባል መድኃኒት አዘዘልኝ።

መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ አስቀምጣ አስረዳችኝ። "አባባ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ፍሬ። ምግብ እንደበሉ፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ። እንዳያኝኩት፣ እንዳይፈጩት፣ ሙሉውን ይዋጡት። ውጠው ደግሞ ወዲያው ጋደም እንዳይሉ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ይጠጡ። ገባዎት?"

"ገባኝ።"

"እስቲ ይድገሙልኝ።"

"ምነው፣ ፈተና ነው እንዴ?" ብያት ወጣሁ።

ሰምቻታለሁ እኮ! አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ጥፋቱ የጆሮዬ አይደለም፣ የጭንቅላቴ ነው።

ደህና ስወስድ ከረምኩ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እኔ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም። ከዘጠኝ በኋላም የምበላው አንዴ ነው። ልጅቷ ደግሞ ምግብ እንደበሉ ብላለች። ምግቡ አንዴ፣ ፍሬው ሦስት።

ምን አደረግኩ? ሦስቱንም አንድ ላይ!

ምናለበት? በቀን ሦስት ነው የተባለው፣ ያው ሦስት ነው! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ወገብ ስለካ የኖርኩ ልብስ ሰፊ ልክ ይጠፋኛል?

"ንስሐ አባትህን ለምን አትጠይቅም?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ወዳጄ ዘርጋውም ብሎኛል። ዘርጋው ወርቅ ሠሪ ነበር፣ አሁን ጡረተኛ ነው። ስኳር ስላለበት ንስሐ አባቱ ፈቅደውለት ጠዋት ጠዋት የጾም ምግብ ይበላል። "አንተም ንገራቸው እንጂ! ኩላሊት ያለ ውሃ ይሆናል?" ሲለኝ ምን ብዬ መለስኩለት?

"አንተ እንኳ ለሆድህ ነው።"

ሰው ለጓደኛው እንዲህ ይላል?

ትናንት ጊዮርጊስ ቅዳሴ አልቆ ሁለታችን ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገባን። የጾም ሳንድዊች በላሁ። ሻይ መጣ። ፍሬዎቹን አወጣሁ።

ፍሬዋ ትንሽ እንዳትመስላችሁ! ያለፈው ቀን ሦስቱን ባንድ ጉርሻ ልውጥ ስል ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅረው አስለቅሰውኛል። ስለዚህ ትናንት ብልሃት ዘየድኩ። ሶፍት ዘረጋሁ፣ ፍሬዎቹን ደረደርኩ፣ በብርጭቆ ቂጥ ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!

ነጭ ዱቄት ሆነ። በማንኪያ ጠርዝ ሰበሰብ አደረግኩት።

የቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከጎናችን ወጣቶች አሉ። አንዱ "ሼባው ምንድነው የሚፈጨው?" አለ። ሌላው "ዝም በል፣ ቅረጸው!" አለና ስልክ ወጣ።

አስተናጋጇ አዲስ ናት፣ አታውቀኝም። እየሮጠች መጣች። "አባባ፣ እዚህ ቤት እንደዚህ ዓይነት ነገር አይቻልም!"

"ምን ዓይነት ነገር?"

"ያው... የሚፈጩት ነገር።"

"የሽንት መድኃኒት ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ጥሩ መከላከያ ያቀረብኩ መስሎኝ! ኬክ የጎረሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ።

ዘርጋው ጠጋ አለኝ። "አንተ፣ ተፈጭቶ ይወሰዳል ብለውሃል?"

"ዶክተር ነህ?" አልኩትና ዱቄቱን ሻይ ውስጥ ጨምሬ ጭልጥ!

ብዙም አልቆየ። ሆዴ ውስጥ በርበሬ የደፉብኝ መሰለኝ። እንዲያልፍልኝ ወንበሩ ላይ ጋደም አልኩ። ባሰ! ብድግ ብዬ ወደ መጸዳጃ ሮጥኩ። ኬኮቹ የተደረደሩበት መስታወት ጋ ስደርስ...

ተዉት። መስታወቱ ባይኖር የስንቱን ልደት አበላሽ ነበር!

ከዚያ ግን ቀልዱ ቆመ። ልቤ ድው ድው ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ድው ይላል።  ዘርጋው ተሸክሞኝ ማለት ይቻላል፣ ኮንትራት ታክሲ ውስጥ ከተተኝ። ክሊኒክ ደረስን። ደሜን ቀዱ፣ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ልቤን በማሽን አዩ።

የክሊኒኩ ሐኪም ምን እንዳደረግኩ ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ።

"አባባ፣ ይህች ፍሬ ሆድ ውስጥ ቀስ እያለች እንድትሟሟ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ሲፈጯት ያ ሁሉ በአንዴ ይለቀቃል፣ ጨጓራ ያቆስላል። ፖታሲየም ደግሞ ደም ውስጥ ከበዛ ልብ ያውካል። ሊያቆምም ይችላል። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"የግፊት።"

"ይህንን ላዘዘልዎት ሐኪም ነግረውታል?"

"አልጠየቀኝም።"

ዘርጋው ከጀርባዬ "ቢጠይቀውም አይናገርም፣ ዶክተር" አለ።

"አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት ራሱ ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል፤ መንገር ነበረብዎት። ዛሬስ ምን ያህል ውሃ ጠጡ?"

"ጾም ላይ ነኝ። ሻይ ብቻ።"

"ታዲያ መድኃኒቱን ለምን ይገዛሉ? በአንድ እጅ ጠጠሩን እያባረሩ በሌላው ና ግባ እያሉት እኮ ነው!"



የደሙ ውጤት እስኪመጣ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። እኔ ፈሪ አይደለሁም። ግን አንዲት ወረቀት እየጠበቃችሁ ልባችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? ዘርጋው አጠገቤ ተቀመጠ። አልሳቀብኝም፣ እንዲያውም ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት።

"መጀመሪያ ኑርና" አለኝ።

ውጤቱ መጣ። ደህና ነው! ብዙውን ማስመለሴ በጀኝ። የግፊት መድኃኒቴም ከዚህኛው ጋር የሚጣላው ዓይነት አይደለም። ሐኪሙ "ለዛሬ ይብቃዎት። ከነገ ጀምሮ በየምግቡ አንድ አንድ፣ ሙሉውን። ምግብና ውሃ የሚያገኙበትን መላ ግን እርስዎ ይፈልጉ" አለኝ።

ዛሬ በማለዳ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ንስሐ አባቴ በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፣ "ልጄ" የሚሉኝ ግን እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ እስካሁን ለምን ዝም አልከኝ?"

"ብላ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው፣ አባ።"

ትክ ብለው አዩኝ። "እንግዲያው ስትጾም የኖርከው ለማን ነው? ሂድ፣ የጾም ምግብህን ጠዋት ብላ፣ ውሃህን ጠጣ። ቀኖናህ ይኸው ነው።"

ስንት ሺህ ስገድ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር!

ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብላ ካለች ምግብ ቤት ገባሁ። ያለችው ባዶ ወንበር ደጅ ላይ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ሽሮ በላሁ። አንዲት ፍሬ ሳልነካካ ዋጥኩ፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ አስከተልኩ፣ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ከሰሃኔ ወደ ነጠላዬ፣ ከነጠላዬ ወደ ሰሃኔ አየና ቆመ። "አባባ፣ ይቅርታ... ጾም አይደለም እንዴ?"

"ጾም ነው" አልኩትና ሁለተኛ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?