ሽማግሌ የመረጠው ፕሮፔለር

እኛ ሰዎች «አላውቅም» የምትባለዋ ቃል ምን እንዳደረገችን እንጃ፣ አንወዳትም። መንገድ የጠፋው እንግዳ አላፊ አግዳሚውን ቢጠይቅ፣ የተጠየቀው ሰው ራሱ ትናንት ከማሻ ከተማ የመጣ ቢሆንም እጁን ዘርግቶ አንድ አቅጣጫ ያሳየዋል። ሰው ጠይቆኝ ባዶውን ከሚመለስ ተሳስቶ ቢሄድ ይሻላል ባይ ነው። ሚዛን ከተማ ገበያ መሃል ግንባራችሁን አንድ ጊዜ ያዝ ብታደርጉ ደግሞ ፌጦ ያለ፣ ዳማከሴ ያለ፣ የለም መነጽር ነው የሚያስፈልግህ ያለ ይከባችኋል። ሁሉም ከልቡ ነው፤ ክፋት የለበትም። ብቻ ሁሉንም ሰምታችሁ ስትጨርሱ ራስ ምታቱ ብሶባችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ።

እኔስ ከማን ተለይቼ? ከብዙ ዓመት በፊት ለዘመድ ሠርግ ባሕር ዳር ሄጄ ጣና ላይ በሞተር ጀልባ ተሳፍሬ ነበር። ተሳፈርኩ ስላችሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ያገሬን ታቦት ስጠራ ቆይቼ ወረድኩ ማለቴ ነው። ነገር ግን በእኛ በቡናው አገር ጀልባ ላይ የወጣ ሰው እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ጀልባ የሚነሳ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመራል። እኔም መልስ ነፍጌ አላውቅም።

የእህቴ ልጅ ታምራት ከሚዛን ወደ ቆላው ወርዶ፣ ወንዝ ላይ በሞተር ጀልባ ሰው እያሻገረ ይኖራል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጨዋነቱ ሲበዛ ያናድዳል። ከወንዙ ማዶ አስቴር የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የቀሩት አባቷ ናቸው። አቶ ጋሻው ይባላሉ፣ ማር ነጋዴ ናቸው፤ ጥርሳቸውን ያየ ሰው አለ ቢባል እኔ በበኩሌ አላምንም ነበር። አንድ የቡና ነጋዴ ልጅም ለአስቴር ሽማግሌ ሊልክ እየተሰናዳ ነው ተብሎ ሲወራ፣ ታምራት ቀድሞ መልእክት ላከላቸው። እሳቸውም እሑድ ጠዋት እቀበላለሁ አሉ፤ ግን አንድ ነገር ጨመሩ። «ጀልባ አለኝ፣ በጀልባዬ ትዳር አስተዳድራለሁ የሚል ከሆነ፣ ሽማግሌዎቹን በዚያው በጀልባው ያምጣቸው። በሰው ታንኳ የመጣ ሽማግሌ አልቀበልም። እሑድ ካለፈ ደግሞ ሌላውን አስገባለሁ።»

በዚያው ሳምንት የጀልባዋ ፕሮፔለር ድንጋይ መትቶ ተሰበረ።

ፕሮፔለር ማለት፣ ካላያችሁት፣ ከሞተሩ ግርጌ ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋ ባለ ሦስት ክንፍ ነገር ነው። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን ማራገቢያ አሳንሳችሁ አስቡት። ታምራት አዲስ አበባ የጀልባ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ስልክ ሰጠኝና፣ በአውቶቡስ ሚዛን ድረስ ይላክልዎ፣ እሑድ ስትመጡ ይዛችሁልኝ ትወርዳላችሁ አለኝ። ቀላል ነገር መሰለኝ። ደወልኩ።

«እሺ አባቴ፣ ስቴንለስ ነው ወይስ አሉሚኒየም?» አለኝ ሻጩ።

ኧረ በስመ አብ! ዕቃ ልገዛ እንጂ ፈተና ልቀመጥ አልደወልኩም። የትኛው ይሻላል ብዬ ብጠይቀው ሁለቱም ጥሩ ነው አለኝ። ኋላ እንደምንም ብዬ ሳግባባው፣ አሉሚኒየሙ ድንጋይ ሲመታ እሱ ራሱ ይጎብጣል፣ ይቆረሳል፣ ግን ሞተሩን ያተርፋል፤ ስቴንለሱ ግን ጠንካራ ነው፣ ጀልባዋንም ያፈጥናታል፣ ድንጋይ ሲመታ እሱ ምንም አይሆንም፣ ምቱ ግን አልፎ የሞተሩን የውስጥ ጥርስ፣ ማርሹን፣ ሊሰብረው ይችላል አለ። «ታዲያ የቱን ልውሰድ?» ስለው፣ «እርስዎ እንዳሉ» አለኝ። ታምራት ጋ ደወልኩ። «እናንተ ያላችሁት ይሁን አጎቴ። ሽማግሌ ለእኔ ብሎ እየለፋ እኔ ደግሞ ይህን አምጡ፣ ያን ተዉ እላለሁ?» አለ። አልኳችሁ እኮ፣ ጨዋነቱ ያናድዳል።

ስለዚህ ጉዳዩን ለሽማግሌዎቹ አቀረብኩ። ከእኔ ሌላ ሁለት ነበሩ። ሐጂ ከማል እዚሁ ከሚዛን አጠገብ አማን ከተማ ላይ የድስትና የሰሃን ሱቅ አላቸው፤ ጋሽ በቀለ ደግሞ የሸዋ ቤንች ገበሬና የቤተ ክርስቲያናቸው መሪ ናቸው። ከሐጂ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥን፤ ከኋላችን ድስት እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

ጋሽ በቀለ ስቴንለስ ነው አሉ። «የሰው ልጅ ልንጠይቅ በሚጎብጥ ነገር አንሄድም። ወንድ ልጅ የማይጎብጥ ነገር ነው የሚይዘው።» ሐጂ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለቱንም ዓይነት ድስት ሲሸጡ የቱ ይበልጣል ተብለው መልስ ሰጥተው የማያውቁ ሰው፣ እዚያ ላይ ጠነከሩ። «የጎበጠ ድስት አቃንቼ አውቃለሁ። የሚጎብጥ ነገር ይቃናል። አሉሚኒየም ይሁን» አሉ። ክርክሩ ጦፈ፤ ድስት እየወረደ በጣት ተንኳኳ፣ ለጆሮ ተያዘ። ድስት ገዢዎችም ቆመው ሐሳብ ሰጡ። አንዷ ሴትዮ ወጥ የማያሳርረው ይሻላል ስትል ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ተኳርፎ ለሽምግልና መሄድ ነውር መሆኑ ትዝ አላቸውና ሁለቱም ልባቸው ራራ። «እንግዲህ ጋሽ በቀለ፣ ታላቄ ነዎት፤ እርስዎ ያሉት ስቴንለሱ ይሁን» አሉ ሐጂ። «የለም የለም፣ ዕቃ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ አሉሚኒየሙ ይሁን» አሉ ጋሽ በቀለ። «ኧረ በአላህ!» «በጌታ ይዤዎታለሁ!» አሁን ሐጂ ስለ ስቴንለስ ጥንካሬ ይምላሉ፣ ጋሽ በቀለ የአሉሚኒየምን ትሕትና ይሰብካሉ። ቅድም በጠብ አልተስማማንም፣ አሁን በመከባበር አልተስማማንም። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ ማን የቱን እንደሚል ጠፋብኝ። የቱን እንደምል እኔም ጠፋኝ።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። አውቶቡሱ ሊሞላ ነው፣ የቱ ይላክ አለ ሻጩ። «ስቴንለስ!» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤታችን ያለው ድስት ሁሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ሰልችቶኝ ይሆናል።

እሑድ ወንዙ ዳር ስንደርስ ታምራት ፕሮፔለሩን ተቀበለኝ። እንደ መስተዋት ያበራል። አየውና ዓይኑን ወደ ወንዙ ድንጋዮች መለሰ፤ «ምነው?» ስለው «ኧረ ምንም፣ በጣም ቆንጆ ነው» ብሎ ገጠመው። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ በቀለ ጸለዩ፣ እኔ አማተብኩ፤ በየትም በኩል ክፍተት አልተውንም። ጀልባዋ ተፈተለከች። ማዶው እየቀረበ ሲመጣ፣ አቶ ጋሻው ወንዙ ዳር እጃቸውን አጣምረው ቆመው አየናቸው። እኔ ኮቴን አስተካከልኩ። ከበታቻችን ጓ! የሚል ድምፅ መጣ።

ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ አትሄድም። ታምራት ሞተሩን ከውኃ አውጥቶ አየ። ጋሽ በቀለም አንገታቸውን አስግገው ፕሮፔለሩን አዩና «እዩት! ጭረት እንኳ የለበትም!» ብለው በኩራት ጮኹ። እውነት ነው፣ ጭረት የለበትም። የተሰበረው የሞተሩ የውስጥ ጥርስ ነው። እኛ ከነሚያበራው ፕሮፔለራችን ወደ ታች እየተንሳፈፍን ነበር። «ጥሩ ነገር ነው፣ አልጎበጠም» አሉ ሐጂም፣ ያን ዕለት የስቴንለስ ወገን ነበሩና።

«አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ የቱን ነበር የፈለግከው?» አልኩት ታምራትን።

«አሉሚኒየም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እናንተ ካላችሁ በኋላ…» አለና ዓይኑ እንባ ሞላ። አሳዘነኝ፤ በጥፊ ላጠናግረውም ፈለግኩ። በሰው ታንኳ የመጣ አልቀበልም ያሉት ሰውዬ፣ ያን ጊዜ በራሳቸው ታንኳ ገመድ ይዘው ወደ እኛ እየቀዘፉ ነበር።

ጎትተው ወደ ዳር አደረሱን። ስንወርድ ሐጂ አዳለጣቸው፣ ጋሽ በቀለን ያዙ፣ ጋሽ በቀለ እኔን ያዙ። ሽማግሌ ሲወድቅም አንድ ላይ ነው። ከወገባችን በማያልፍ ውኃ ውስጥ ከነኮታችን ከነጥምጥማችን ተነከርን። አዞ አለ ሲባል ስለሰማን አወጣጣችን እንደ ሽማግሌ አልነበረም።  የአቶ ጋሻው ፊት እንደ ደመና ጠቁሯል፤ አለቀልን፣ ለነጋዴው ልጅ መንገዱን ጠርገን ሰጠነው ብዬ አዘንኩ።

ቤታቸው ገባን። ውኃው ከላያችን እየተንጠባጠበ ሳለ አስቴር ከጓዳ ብቅ አለች። ማንንም ሳትጠይቅ፣ እርጥቡን ልብስ እንድናወልቅ አድርጋ በየተራ ጋቢ አለበሰችን። ለእኔ ነጭ፣ ጥለቱ ያልደበዘዘ ጋቢ ደረሰኝ። ከዚያ ተመልሳ ጓዳ ገባች። ሐጂ እንደ ወጉ ተነስተው «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ጀመሩ።

 በወጉ ከሆነ፣ ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይባላል። አቶ ጋሻው ግን ተራ በተራ አዩን፣ በተለይ እኔን ቆየት ብለው አዩኝ።

«ይሄ የለበሱት ጋቢ የማን እንደሆነ ያውቃሉ?» አሉኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አላውቅም» አልኩ።

«የእኔ የበዓል ጋቢ ነው። የእርስዎም የእኔ ነው ሐጂ። የጋሽ በቀለ የእናቷ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ጋቢ የለም።» ወደ ጓዳው በር ዞር አሉ፤ ከበሩ ጀርባ የእግር ኮቴ ተሰማ። ያኔ ነው ሲስቁ ያየኋቸው። «ጋቢዬን አልብሼ ልጄን ብከለክል ሰው ምን ይለኛል? ወስዳችኋታል፤ ይህች ልጅ እኮ ነገሩን ራሷ ጨርሳዋለች።»

ታምራት ደጅ ቆሞ ነበር። ሐጂ ወጥተው ጠሩት።

በአቶ ጋሻው ታንኳ ተሻግረን ወደ ቤታችን ስንመለስ ጋሽ በቀለ ድሉ የስቴንለስ ነው፣ አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ በደረቁ ደርሰን በደረቁ እንመለስ ነበር አሉ። ሐጂም በአክብሮት ተስማሙ። እኔ ምን እንደምል አላውቅም። አስቴር ግን ከጓዳ ብቅ ስትል የትኛው ጋቢ ለማን እንደሆነ አንዴም አላመነታችም።