ታላቅ እያለ ታናሽ ሰዓት አይናገርም

ሰዓት ማክበር የሥልጣኔ ምሰሶ እንደሆነ በየስብሰባው ተነግሯል፤ ስብሰባዎቹ ሁለት ሁለት ሰዓት ዘግይተው ባይጀመሩ ኖሮ ገና ብዙ ይነገር ነበር። በደብረ ማርቆስ ከተማ ሰዓትን ከልቡ ያከበረ ግን አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ አቶ ድረስን። የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ ክብሩ ለአንድ ቢሮ ይበዛል።

አቶ ድረስ አሥራ ሰባት የእጅ ሰዓቶች ነበሩት። ሁሉም የስዊስ፣ ሁሉም በእጅ የሚሞሉ፣ ሁሉም የሠራቸው ፋብሪካ እንኳ ስማቸውን የረሳው። ስሙ የታወቀ ሰዓት ካዩለት «ይኼንንማ ነጋዴውም ያስረዋል» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ለአንድ ዝገት የበላው ሰዓት ሲል ግን እስከ ደብረ ወርቅ ሄዶ፣ ሟቹን ሳያውቅ፣ ከወራሾቹ ጋር ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጧል።

የሁሉ ታላቅ አንድ የብር ሰዓት ነበር። አቶ ድረስ ይህን ሰዓት አንተ ብሎት አያውቅም፤ «እርሳቸው» ነው የሚለው። ሌሎቹን በየማለዳው ይሞላል። እርሳቸውን ግን በነጭ ጨርቅ ከማቀፍ በቀር ጣቱን አያሳርፍባቸውም።

ይህ ሰው አምበር ከተማ የምትኖረውን የብርጓልን ወደደ። እሷም አልጠላችውም። አንድ ቀን ደወለችለት።

«አባቴ እሁድ አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎችህን ይቀበላል። አደራህን! ስድስት ሰዓት ላይ የእንዳላማው ሽማግሌዎች ተቀጥረዋል።»

እንዳላማው ገበያው ዳር፣ በቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ሰዓት የሚጠግን፣ ራሱ ግን ሰዓት አስሮ የማያውቅ ሰው ነው።

«ሰዓት የሌለው ሰው እኔን ሊቀድም?» ብሎ ድረስ ከት ብሎ ሳቀ።

እሁድ ጧት መናኸሪያ ተገናኙ። ሽማግሌዎቹ የንስሐ አባቱ መምሬ ፍቅረ ሥላሴና የቢሮው ኃላፊ አቶ አይናዲስ ነበሩ። ድረስ በመጀመሪያ ሞባይላቸውን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። «ሞባይል ወሬ እንጂ ሰዓት አይናገርም።» ቀጥሎ ለየእጃቸው ሰዓት አሰረላቸው፤ እርሳቸውን በዕድሜ ለሚበልጡት ለመምሬ። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ስለሆነ ልክ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንዲሳፈሩ ተወሰነ። ቀድሞ መድረስ የተራበ ያስመስላላ።

ትንሽ ቆይቶ የአቶ አይናዲስ ሰዓት ሦስት ተኩል አለ። የድረስ ሦስት ከሃያ አለ። የመምሬ ሁለት ከአሥር አለ።

«የቱን እንመን?» አሉ አቶ አይናዲስ።

«ጋሽ አይናዲስ!» ድረስ ደነገጠ። «ታላቅ እያለ ታናሽ ይናገራል እንዴ?»

በአገራችን ለዚህ መልስ የለም። ሁለቱ ታናናሽ ሰዓቶች ተፈትተው ኪስ ገቡ።

«አምበር! አምበር! ሁለት ሰው የቀረው!» አለ ረዳቱ።

«መምሬ፣ ስንት ይላሉ?»

«ሁለት ከአሥር።»

ሚኒባሱ ሄደ። ሌላው ሞልቶ ሄደ።

«አሁንስ?»

«ሁለት ከአሥር።»

«አዩ ርጋታ!» አለ ድረስ በኩራት። «የዛሬ ልጅ ሰዓት ቢሆን እስካሁን የት በደረሰ!»

«ልጄ፣ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣችሳ» አሉ መምሬ።

«ፀሐይ የስዊስ አይደለችም፣ አባቴ።»

አቶ አይናዲስም ከቢሮ ባመጡት ጥበብ ነገሩን ቋጩት፦ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ስለሆነ በትዕግሥት እንጠባበቅ።»

ተጠባበቁ። ረዳቱ «የዛሬ የመጨረሻው መኪና ነው፣ ኋላ እንዳትሉ!» ባይል ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበሩ። ሁለቱ ሲሳፈሩ ድረስ ከውጭ በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስግጎ «ቀድመን በመምጣታችን ይቅርታ ብላችሁ ግቡ!» ሲል አደራ አላቸው።

የብርጓል አባት አቶ ሙላት በራፍ ላይ ተቀበሏቸው።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መምሬ እንደ ወጉ። «አስቀድሞ ግን፣ ቀድመን በመምጣታችን ይቅርታ ያድርጉልን።»

«ለየትኛው ቀጠሮ?»

«ለአራት ሰዓቱ።»

አቶ ሙላት ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ወደ ባሕር ዛፉ ጀርባ እየገባች ነበር።

«ለነገው ከሆነ፣ እውነትም ቀድማችኋል። ለዛሬው ከሆነ ግን የእንዳላማው ሽማግሌዎች በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው ሄደዋል።»

መምሬ ክንዳቸውን እንደ ማስረጃ ዘረጉ። «እርሳቸው እኮ ገና ሁለት ከአሥር ነው የሚሉ!»

አቶ ሙላት ጆሯቸውን ሰዓቱ ላይ ጣል አደረጉ። «መምሬ፣ እኚህ ሰው ካረፉ ቆይተዋል። ፍትሐት ያድርጉላቸው።»

ሠርጉ በጥር ሆነ፤ የተባለው ሰዓት ላይ ተጀምሮ የተባለው ሰዓት ላይ አለቀ። በወሩ ድረስ ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ፣ እርሳቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ወደ እንዳላማው ኪዮስክ ሄደ። የብርጓል ለባሏ ምሳ አምጥታ እዚያው ተቀምጣለች።

እንዳላማው የሰዓቱን ክዳን ከፈተ፤ አየ፤ መልሶ ከደነ።

«ምንም አልሆነ። ሞልተኸው ታውቃለህ?»

«እርሳቸውን? በዚህ ዕድሜያቸው! ይደክማሉ እኮ!»

የብርጓል ሰዓቱን ተቀብላ በሁለት ጣቷ ጠመዘዘችው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

ድረስ ጆሮው ላይ ለጠፈው። እንባው መጣ። ከዚያ ገጹን አየ፤ ሁለት ከአሥር የነበረው ሁለት ከአሥራ አንድ ሆኗል።

«የብርጓል!» ብሎ ጮኸ። «ለአራት ሰዓት ገና ነው!»

ሽማግሌዎቹን ሊጠራ ሮጠ። እነሱም ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ምን ያድርጉ? ታላቅ ተናግሯል።