ዶን ኢላሪዮ ላለመመረቅ ያደረጉት ተጋድሎ

የሁለት ዓመት ኮሌጅ ባለበት ሁሉ ከፊተኛው ወንበር የማይነሱ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሕንፃው ሳይሠራ ቀድመው መጥተው ቦታ የያዙ ይመስላል። ክፍሉን የሞላው ወጣት ሁሉ የልጅ ልጃቸው ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም ነው። አስተማሪው ሳይገባ ይገባሉ፤ ሲወጣም እየጠየቁ ተከትለውት ይወጣሉ። የእኛው ክቡር ዶን ኢላሪዮ ኬሳዳ ይባላሉ።

ዶን ኢላሪዮ በዚህ የአልሞንድ እርሻና የወተት ላሞች ሸለቆ ዕድሜያቸውን በሙሉ የወተት ቦቴ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ኮሌጅ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ያልተማሩት የለም። ብየዳ ተምረዋል፤ የሮም ታሪክ ተምረዋል፤ በሕፃናት እንክብካቤ ክፍል ብቸኛው ወንድ ሆነው በምስጋና አልፈዋል። እኔ ጠዋት ጠዋት በማስተምረው የስታቲስቲክስ ክፍል ደግሞ በአድማጭነት ይቀመጣሉ። በአንድ ትምህርት የተመዘገበ ሰው፣ አስተማሪው ከፈቀደለት፣ በሌላው ገብቶ ማዳመጥ ይችላል። እኔ ፈቅጄላቸው አላውቅም። አንድ ቀን ስገባ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ሰሌዳውን ሞልቼ፣ የእጄን አቧራ አራግፌ፣ ራሴን በልቤ ማድነቅ ስጀምር፣ ዶን ኢላሪዮ ዞር ብለው ከኋላቸው ያለውን ሕዝብ ይቃኙና እጃቸውን ያወጣሉ።

"ይቅርታ መምህር፣ ለእኔ ብቻ ነው ያልገባኝ?"

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ፣ "ዶን ኢላሪዮ፣ ይህን እኮ ትናንት አስረድቻለሁ" አልኳቸው።

"አስረድተዋል፤ ያውም ግሩም አድርገው። ዛሬ ደግሞ እንዲገባን አድርገው ያስረዱን።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሰሌዳውን አጠፋሁ።

የቀረ ተማሪ ካለ ስልክ ይደውላሉ። "አልጋ ላይ ነህ? አልጋ ዲግሪ አይሰጥም፣ ልጄ። ተነስ፣ ዳቦ ይዣለሁ።" እውነትም በየጠዋቱ ከሠፈራቸው መጋገሪያ ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ በከረጢት ይዘው ይመጣሉ። ፍርፋሪው የእኔን ጠረጴዛ ሳይቀር ይደርሰዋል።

በታኅሣሥና በጥር ሸለቆውን ጉም ሲውጠው ግን ማዕረጋቸው ከፍ ይላል። ያኔ ከየእርሻ መንደሩ የሚመጡት ተማሪዎች አውራ ጎዳናው ዳር ባለው ነዳጅ ማደያ ይሰበሰባሉ። ዶን ኢላሪዮ ነጯን ፒክአፕ መኪናቸውን ከፊት ያደርጋሉ፤ ሌላው የአደጋ ጊዜ መብራቱን እያበራ እያጠፋ፣ እንደ ቀብር ሥነ ሥርዓት በዝግታ ይከተላቸዋል። ጉም ውስጥ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸውና መንገዱን በጎማቸው ያውቁታል። ሰልፉ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ግን ማንም አይጎድልም።

አሁን ወደ ኮሚቴው ልምጣ። ኮሌጃችን የእኩልነትና የተማሪዎች ስኬት ኮሚቴ አለው፤ እኔም አባል ነኝ። ዲኗ ዶክተር ሊንድክዊስት ደግ ሴት ናቸው፤ የሚያሳስባቸውም እውነተኛ ነገር ነው። ከቤተሰባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገቡት፣ የእርሻ ሠራተኞች ልጆች፣ ከየክፍሉ እየተንጠባጠቡ ይቀራሉ። በእኔ የጠዋት ክፍል ግን አይቀሩም። ለምን? ከዋና ከተማው አንድ ባለሙያ ተጠራ። የወንበሮቹን አደራደር አየ፤ የግድግዳውን ቀለም መረመረ፤ መስኮቱ ወደ የት እንደሚዞር ጠየቀ። እኔ በትሕትና ወለሉን እያየሁ ፈገግ አልኩ። ምክንያቱ ማን እንደሆነ አውቀው ነበራ፤ ራሴ ነኝ።

ያው ኮሚቴ በዚያ ዓመት አንድ ጥሩ ነገር ወሰነ። የሚፈለግባቸውን ትምህርት ጨርሰው፣ መጨረሳቸውን ሳያውቁ የሚቀሩ ብዙዎች አሉ፤ እነሱን ኮምፒዩተሩ ራሱ ፈልጎ ያስመርቃቸው ተባለ። በዚህ መንገድ ያገኙትን ዲግሪ በግድግዳቸው ላይ የሰቀሉ እናቶች ዛሬም መንገድ ላይ ያቅፉኛል። በገና ዕረፍት መጨረሻ ላይ ግን ዶን ኢላሪዮ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቢሮዬ መጡ።

"አባረሩኝ" አሉ።

"ማን ነው ያባረረዎት?"

"ኮሌጁ ነዋ። አስመረቀኝ።"

ስልካቸውን አሳዩኝ። እንኳን ደስ አለዎት ይላል። ዶን ኢላሪዮ በሕዝብ ፊት ንግግር ማድረግ የሚባለውን ግዴታ ትምህርት ለዓመታት ሲሸሹት ኖረዋል። እሱን ሳይወስዱ አይመረቁም፤ ካልተመረቁ ደግሞ ከወንበራቸው የሚያስነሳቸው የለም። ኮሚቴያችን በንግግሩ ፈንታ ሌላ ትምህርት ይያዝ ብሎ ደንቡን ሲያሻሽል፣ የሕፃናት እንክብካቤው ተያዘላቸውና አለቀላቸው። የተመረቀ ሰው ደግሞ የሚመዘገበው ሁሉም ከተመዘገበ በኋላ ነው። ሳይመዘገቡም አድማጭ መሆን የለም።

"የቀረ ክፍል አይጠፋም፤ ልይልዎት" ብዬ ፈለግሁ። አንድ ብቻ ነበር።

"ምንድን ነው?"

"በሕዝብ ፊት ንግግር ማድረግ።"

ዶን ኢላሪዮ ባርኔጣቸውን አጠለቁ። "እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ባለቤቴ አጥሩን ጠግን ካለችኝ ቆይቷል" ብለው ወጡ። አፋቸው የማይዘጋ ሰው ተነስተው ቆመው መናገር ይፈራሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ትምህርት ተጀመረ። ክፍሌ ፀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ፍርፋሪ የሌለበት ሆነ። "ገባችሁ?" እላለሁ፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። በመጀመሪያው ፈተና ያልገባቸው መሆኑ ታወቀ። ጉም በወረደ ቀን ደግሞ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ አስተማርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ፓ ኩ ታኦ የምትባል፣ ከሩቅ ምሥራቅ ከመጡ የሞንግ ስደተኞች የተወለደች ልጅ በሬን አንኳኳች። ማታ አልሞንድ መልቀሚያ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ስታቲስቲክስን ካለፈች በመስከረም የነርስ ትምህርት ቤት ቦታ ይጠብቃታል፤ ካላለፈች ቦታው ለሌላ ይሄዳል።

"መምህር፣ ልተወው ነው" አለች።

"ለምን?"

"ለእኔ ብቻ ነው የማይገባኝ።"

"ታዲያ ለምን አትጠይቂም?"

"ባለፈው ዓመት አልጀብራ ስንማር የሚጠይቁልን ዶን ኢላሪዮ ነበሩ። ዞር ብለው ያዩናል። ግንባሬን ካኮሳተርኩ እጃቸውን ያወጣሉ።"

እሷን ጥቂት ቀን ታገሺ ብዬ ሸኘሁና ለዶን ኢላሪዮ ስልክ ደወልኩ። ከወዲያ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

"ማን ልትተው ነው አሉኝ?"

"ፓ ኩ።"

መዶሻው ቆመ። "ያ የንግግር ክፍል እስካሁን ቦታ አለው?"

"ምንጊዜም አለው።"

"ይሁና" አሉ፤ ቀዶ ጥገና እንደተነገረው ሰው።

በማግስቱ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበሩ። ከረጢቱም አብሮ መጣ። "ይቅርታ መምህር፣ ለእኔ ብቻ ነው ያልገባኝ?" ሲሉ ከኋላ የተለቀቀው የእፎይታ ትንፋሽ ተሰማኝ። ከእኔም ውስጥ የወጣ ነበረበት።

ዕዳው የመጣው በሚያዝያ ነው። የንግግር አስተማሪው ሚስተር ፕራዘር ሰዓት ያለፈበትን ተማሪ በደወል የሚያስቆሙ ሰው ናቸው። የዶን ኢላሪዮ ርዕስ በጉም ውስጥ መኪና መንዳት የሚል ነበር። የእኔ ክፍል ተማሪዎች በአድማጭነት መብታቸው ተጠቅመው ከኋላ ተደረደሩ፤ እኔም በሩ አጠገብ ቆምኩ። ዶን ኢላሪዮ ወጡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ዝም ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሚስተር ፕራዘር ብዕራቸውን አነሱ።

ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ፓ ኩ ነበረች። ዞር ብላ አየችን፤ ከዚያ እጇን አወጣች።

"ይቅርታ፣ ለእኔ ብቻ ነው ያልገባኝ? ከፊት ምንም ካልታየ ምኑን አይተው ነው የሚነዱት?"

ዶን ኢላሪዮ ቀና አሉ።

"ከፊትማ ምን አለ ልጄ? እኔ የማየው በመስታወቱ ወደ ኋላ ነው። የመጨረሻዋ መኪና መብራት እስከታየኝ ድረስ እነዳለሁ። ስትጠፋብኝ ዳር ይዤ እጠብቃለሁ። አንዴ እንዲያውም..."

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። ደወሉ ሦስት ጊዜ ተደወለ። ዶን ኢላሪዮ ለደወሉ ይቅርታ እየጠየቁ ቀጠሉ።

ፓ ኩ አለፈች፤ በመስከረም ነጭ ጫማ ገዝታ የነርስ ትምህርት ቤት ገባች። ዶክተር ሊንድክዊስት የጠዋቱን ክፍል ጉዳይ እንደገና ሲያነሱ ምክንያቱ ዶን ኢላሪዮ መሆናቸውን ነገርኳቸው። ማስታወሻ ደብተራቸውን ገለጡ።

"ይህን ዕቅድ ውስጥ እንዴት ነው የምናስገባው?" አሉኝ።

"አናስገባውም። ብቻ ሌላ ጊዜ እንዳናስመርቃቸው።"

አሁን ዶን ኢላሪዮ በዚሁ ኮሌጅ ሌላ ዲግሪ ጀምረዋል፤ ስለ አፈርና ስለ ተክል ነው። መጨረሻው ሲቃረብ እንደገና ሥጋት አደረባቸው። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥተው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"መምህር፣ ሁለት ትምህርት ቀርተውኛል። ኬሚስትሪና የውሃ ዋና። የትኛውን ልተው?"

የተማሪዎች ስኬት ኮሚቴ አባል ነኝና ተነስቼ በሩን ዘጋሁ። ድምፄንም ዝቅ አደረግሁ።

"ዋናውን ይተዉት። በእርስዎ ዕድሜ ውሃ ቢፈሩ ማንም አይታዘብዎትም።"