የአንድ ሰው ድንኳን

እኔ ዕቃ ሦስቴ ሳላገላብጥ አልገዛም። ፈሪ ይሉኛል። ይበሉኝ! «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የተባለው በከንቱ ነው? ታዲያ ይሄው ጥንቃቄዬ አንድ ቀን ሚስቴን ሊገድልብኝ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ነቀምት ከመሬት ቀያሾች ጋር እሠራ ነበር። ታኅሣሥ ላይ፣ ብቻህን ኪራሙ ሂድ፣ ሜዳ እያደርክ የድንበር ምልክት ትከል ተባልኩ። ከእኔ በፊት የሄደውን ውርጩ ሳንባውን መትቶት በቃሬዛ ነው የመለሱት። አያስፈራም?

የተሰጠችኝ አንዲት በቅሎ ናት። ድንኳኑ ከከበደ አትችለውም፤ ከሳሳ ደግሞ ቃሬዛው ይጠብቀኛል። ጉራጌው ባለሱቅ ሁለት አወጣልኝ። አንዱ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ወፍራም ሸራ ነው፤ ሳነሳው ወገቤ ቋ አለ። ሌላው ለአንድ ሰው የተሰፋ፣ በብብት የሚያዝ። ስስብ፣ ሳሽ፣ ሳሸት ጊዜ ሰውየው ሰለቸው። «ሚስትህንም እንዲህ አገላብጠህ ነው ያገባሃት? ወስደህ ተጋደምበትና እየው፤ ካልተስማማህ መልሰው» አለኝ።

ትንሹን ወሰድኩ። ባለቤቴ ጫልቱ ገበያ ሄዳለች። ጨለለቂ ያለው ቤታችን ግቢ ውስጥ ተከልኩትና ገብቼ ተዘረጋሁ። እግሬ ይተርፋል? ነፋስ ይገባል? ዐይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ፣ «ዋዮ! ዋዮ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ክው አልኩ። ማን ሞተ?

የሞትኩት እኔ ነኝ ለካ።

እስቲ ፍረዱ፤ ሠርግ በሌለበት ግቢ ድንኳን ከታየ ምን ይባላል? ጎረቤታችን አዴ ድንቄ በአጥር አይታ መንደሩን ጠርታለች። «ያ ጎፍታ፣ ጌታዬ! ኦቦ ተሰማ ትናንት እኮ ደህና ነበር!» ትላለች። አንዱ፣ «ድንኳኗስ ምነው እንዲህ አነሰች?» ሲል፣ ሌላው «ቆጥቋጣ አይደል፤ ራሱ መርጧት ይሆናል» ይለዋል። ሰው እያለቀሰም ያማል?

«አለሁ!» ብዬ ብቅ ስል ግማሹ አጥር ዘለለ።

ወሬው ግን ገበያ ደርሷል። ጫልቱ ደረቷን እየደቃች መጣች፤ ቆሜ ስታየኝ ዘፍ ብላ ወደቀች። ትንፋሿን ብፈልግ አጣሁት። ውሃ በውሃ ካደረግናት በኋላ በስንት ጭንቅ ዐይኗን ገለጠች።

የመጀመሪያ ቃሏ «ንቀለው!» ነበር። ቀጥላ፣ «ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ቤት መቃብር ነው። ሁለት የሚያስተኛውን ካልያዝክ፣ ኪራሙ የሚባል ነገር የለም!» አለች።

መልሼው ያን የሸራ ተራራ አመጣሁ። በቅሎዋ ሲጭኑባት ተኛች፤ ብትደበደብም አልነሳም አለች። ስለዚህ እስከ ኪራሙ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ከብርዱ ግን እውነትም አዳነኝ፤ ከሜዳ ሜዳ እሱን ስሸከም ወሩን ሙሉ ላብ ሲያጠምቀኝ ከረመ።