ከጥጋብ የሚጀምረው የወጥ ቤት ትምህርት

ትናንት ምሳ ከበላን በኋላ፣ ድሬዳዋ ከሙቀቱ የተነሳ ሱቋን ዘግታ ስትተኛ፣ እኔም ጋደም አልኩና በሕልሜ ሞሮኮ ሄድኩ።

ሄድኩ ልበል እንጂ አውሮፕላኑ አልተነሳም። ቀበቷችንን አስረን ተቀመጥን፤ ከተማዋ ራሷ እያዘገመች መጥታ መስኮታችን ሥር ቆመች። ስወርድ የኢሚግሬሽን ሠራተኞቹ መለዮአቸውን እንደለበሱ፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ተሰልፈው አገኘኋቸው። እኔን ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ማኅተም አስያዙኝ። የመጀመሪያው ሰውዬ ጺሙን እያሻሸ ቀረበ።

«የመጡበት ምክንያት?» አልኩት።

«እርስዎ እንዲገቡልን ለመለመን ነው።»

«ምን ያህል ይቆያሉ?»

«እርስዎ እስኪርብዎት ድረስ።»

መዳፉ ላይ ማኅተሙን መታሁለት። እያለቀሰ አመሰገነኝና ወደ ገዛ አገሩ ገባ።

ይህን ጉዞ በቁሜም ሳስበው የኖርኩት ነው። ለብዙ ዓመት የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ባለቤቴ ታምሬ የባቡር ጋራዥ መካኒክ ነበር። እሱ ጡረታ ሲወጣ ሞሮኮ ሄደን፣ ከአንዲት ባልቴት ቤት አርፈን የአገሩን ባህላዊ ምግብ ልንማር ተስማምተን ነበር። ከተማዋ ፌዝ እንደምትባል መጀመሪያ ስነግረው «ፌዝሽን ተይና የምሩን ንገሪኝ» ብሎ ስቆ ሊሞት ነበር። የወጥ ቤት ሽርጥ እንኳ አሰፍተን ነበር፣ ለእሱም ለእኔም። ከዚያ ኃይለኛ ትኩሳት ያዘኝ። ሲለቀኝ ማሽተቴን ይዞት ሄደ። ሐኪሞቹ ይመለሳል አሉ፤ አልተመለሰም። የሆቴሉን ሥራ ተውኩ። የማይሸታት ሴት ሞሮኮ ሄዳ ምን ትማራለች? ታምሬም ነገሩን ዳግም አላነሳብኝም።

በሕልሜ ግን ብቻዬን ነበርኩ፤ ሽርጤንም ለብሻለሁ። ጠባቧን መንገድ ይዤ ስሄድ አህዮች ሰዎችን ጭነው ይነዳሉ። አንዷ አህያ ምንጣፍ የተሸከመ ወፍራም ሰውዬ ከፊቷ አስቀድማ «ዞር በሉ! ዞር በሉ! ወገቡን እንዳትነኩብኝ!» እያለች ትጮሃለች። ግድግዳ ላይ ተለጥፌ አሳለፍኳቸው። ሰውዬው ሲያልፍ አናፋ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ባልቴቷ ቆማ ጠበቀችኝ። ላላ ዙበይዳ ይሏታል፤ ላላ በአገሩ እሜቴ እንደ ማለት ነው። ወደ ውስጥ ስታስገባኝ እሳቱ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ይነድዳል። ከሥሩ ታጂን የሚባለው የሸክላ ድስት በሾጣጣ ክዳኑ ቆሞ፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይሞቃል። ከማዕዱ ጫፍ አንድ ሽርጥ የታጠቀ በግ ተቀምጧል። ቀኝ ትከሻው የለም።

«እንኳን ጠገባችሁ» አለች ላላ ዙበይዳ። «ትምህርታችን ከጥጋብ ይጀምራል። ቀጥሎ እንበላለን፤ ከዚያ እናበስላለን፤ ከዚያ ገበያ ሄደን ሁሉንም ለባለቤቱ እንመልሳለን። በመጨረሻ ይርበናል። የተራበ ተመረቀ ማለት ነው።»

እውነትም ሆዴ ጢም ብሎ ነበር። ማንኪያ አነሳሁ። ባዶውን አፌ ገብቶ ሞልቶ ወጣ። በየጉርሻው እየቀለለኝ፣ ሳህኑ እየሞላ ሄደ።

«ትከሻዬን ቶሎ ቶሎ በሉ እንጂ!» አለ በጉ። «መስክ የሚጠብቀኝ አለ።»

«ማን ነው የሚጠብቅህ?» አልኩት።

«እናቴ።»

እጄን አፈጠንኩ። ስጋው ከሳህን ወደ ድስት፣ ከብስል ወደ ጥሬ ተመለሰ፤ ተገጣጠመና ትከሻ ሆነ። በጉ አንስቶ ለበሰው፣ ሽርጡን ፈትቶ አጠፈልኝና ሰላም እንኳ ሳይል በሩን ከፍቶ ሮጠ። ደስ ብሎኝ ሳቅኩ።

ከመረቁ ውስጥ ማሩ ተለይቶ ወጣ። የደረቀው የፕሪም ፍሬ እንደገና አበጠ። ቀረፋው ተጠቅልሎ ቅርፊት ሆነ። ላላ ዙበይዳ አንድ እፍኝ ከሙን አፍንጫዬ ሥር አመጣች።

«ምን ምን ይላል?»

«አይሸተኝም እሜቴ።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ ልጄ?»

«ናፍቆኝ ነዋ!»

ትክ ብላ አየችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ቅመሞቹን የያዘውን ዘንቢል አንስታ ክንዴ ላይ አንጠለጠለችልኝ።

«ሽታ እጅ ላይ ያለ ነገር አይደለም» አለች። «ስትመልሺው ነው የሚመጣው። ነይ።»

ገበያው ውስጥ ነጋዴዎቹ ባዶ ጆንያ ዘርግተው ወደ እኛ ይጣሩ ነበር። የከሙኑ ነጋዴ ዘንድ ስደርስ እፍኜን ጆንያው ውስጥ ለቀቅኩት። ያኔ ሸተተኝ!

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። አፍንጫዬን የደፈነው ግድግዳ የተናደ መሰለኝ። ከሙኑ ገባ፤ አቧራው፣ ላቡ፣ የጆንያው ቃጫ ተከትሎት ገባ። ቀረፋውን መለስኩ፤ ሸተተኝ። ዝንጅብሉን መለስኩ፤ ዓይኔን አቃጠለኝ። ድንብላሉን ስመልስ የድሮው የሆቴል ወጥ ቤቴ በጠዋት ሁለንተናው መጣልኝ። መንገድ መሐል ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ነጋዴዎቹም አብረውኝ አለቀሱ፤ አንዱ «አይዞሽ፣ ሌላም መልሺ» አለኝ።

ዘንቢሉን ዳበስኩ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የታምሬ የሥራ ሸሚዝ፣ ሰማያዊው። እንዴት እዚያ እንደገባ አላውቅም። አፍንጫዬ ላይ ደፋሁት። ምንም የለም።

«እሱንም መልሺ» አለች ላላ ዙበይዳ።

«እሱ የገበያ ዕቃ አይደለም!»

«ከያዝሽው አይሸትሽም። ከመለስሽው ይሸትሻል፤ ግን ያንቺ አይሆንም። አንዱን ምረጪ።»

ሸሚዙን ደረቴ ላይ አጣብቄ ቆምኩ። የገበያው ሱቆች ሁሉ ተዘግተው የመጨረሻው ብቻ ክፍት ነበር። ባንኮኒው ላይ የተደገፈው ታምሬ ነው። ግን ገና ጎረምሳ ነው፤ ጸጉሩ ጥቁር፣ ከመተዋወቃችን በፊት የነበረው ታምሬ። ፈገግ አለልኝ። ለማንም እናት የሚሰጥ ዓይነት ፈገግታ ነው።

«ምን ልታዘዝ እማማ?» አለኝ።

እማማ! አልጋነሽ ነኝ፣ ሚስትህ ነኝ ልለው አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሸሚዙን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ለረጅም ጊዜ አልለቅ አልኩት፤ እሱም አልጎተተኝም፣ በትዕግሥት ጠበቀኝ። መጨረሻ ላይ ለቀቅኩት።

የባቡር ቅባት ሸተተኝ። የቁራጭ ሳሙና። በፀሐይ የደረቀ ጨርቅ። ከሁሉ ሥር ደግሞ የአንገቱ ሽታ፣ ስም የሌለው፣ እኔ ብቻ የማውቀው። ወደ ባንኮኒው ተጠጋሁ። አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ በደንብ ልስበው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ—

«አልጋነሽ! አልጋነሽ! ተነሺ!»

ታምሬ በሁለት ብብቴ ይዞ እየጎተተ ወደ ግቢው አወጣኝ። መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ። እግሩ ባዶ ነው።

«ሻይ ጥጄ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ» አለ። «ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶት... ቡታጋዙ ቤቱን ሞልቶታል! አልሸ...»

አልሸተተሽም ወይ ሊለኝ ነበር። ዋጠው።

ጎረቤታችን ሶፊያ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ገባች። «ኧረ አላህ! ኧረ አልጌ! እኔ ቤት ድረስ ይሸታል እኮ! ሰፈሩ ሁሉ ሸቶታል!»

ደረጃው ላይ አስቀመጡኝ። ሶፊያ ውኃ አጠጣችኝ። ታምሬ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እግሬን ያዘ።

«ምን ምን ይላል?» አልኳቸው።

«ምኑ?» አለች ሶፊያ።

«ሽታው። ንገሩኝ እስቲ።»

ተያዩ። አእምሮዋን ነካት ብለው ሳይደነግጡ አልቀሩም። ሶፊያ አንገቷን ወደ ቤቱ አስግጋ አየሩን ሳበችና ፊቷን አጨማደደች። ታምሬም ቀና ብሎ ሳበ።

«የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት» አለኝ።

እኔም ዓይኔን ጨፍኜ በረጅሙ ሳብኩ። ሞቃት አየር ብቻ ገባ። ቀናሁባቸው።