ስለ አንዲት የማስነሻ ጥርስ

የግሪቮላ ሞተር ሳይክል ባለቤቶች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ። የተጠራው ለስምንት ሰዓት ነው፤ የተጀመረው ሰው ሲሟላ ነው።

ቦታ፦ የሊቀመንበሩ ልብስ ስፌት ቤት፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ።

የተገኙ፦
ልብስ ሰፊው፣ ሊቀመንበር፣ የግሪቮላ ባለቤት።
የጥርስ ሐኪሙ፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ የግሪቮላ ባለቤት።
ወኪሉ፣ ግሪቮላን አስመጥተው የሸጡልን፣ አሁን ፍራሽ የሚሸጡ፤ ያለ ድምፅ፣ ለማስረዳት የተጠሩ።
እትዬ፣ የሟቹ አባላችን የመምህሩ ባለቤት፤ በክብር እንግድነት።
ጸሐፊ፣ የሊቀመንበሩ ሚስት ወንድም። ሞተር የለኝም፤ የተመረጥሁት ጽሕፈቴ ይነበባል ተብሎ ነው።

ያልተገኙ፦ ዳቦ ጋጋሪው፣ ግሪቮላቸውን ለቆራሌው ሰጥተው ብስክሌት የገዙ። ደስተኛ መሆናቸው ተሰምቷል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ መሠረት ስብሰባ የሚጀመረው አባላቱ በየሞተራቸው ሲገኙ ነው። ሊቀመንበሩ ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ቢሆንም ሞተራቸውን እየገፉ መጥተዋል። የጥርስ ሐኪሙ የመጡት በታክሲ ሲሆን የሞተራቸውን መሪ ነቅለው በጭናቸው ላይ ይዘዋል። ሊቀመንበሩ እጅጌ ይዞ የመጣ ሰው ኮት ለብሶ መጣ አይባልም ሲሉ ተቃወሙ። የጥርስ ሐኪሙ መሪ የሞተር ራስ መሆኑን፣ ራስ ከተገኘ ደግሞ ባለቤቱ ተገኘ እንደሚባል መለሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ መሪው እንደ ሙሉ ሞተር እንዲቆጠርና ወንበር እንዲሰጠው ተወሰነ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ ፩፦ የወኪሉ ሪፖርት

ወኪሉ እንደገለጹት ግሪቮላን ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ተዘግቶ አሁን በቦታው የሕፃናት ጋሪ ይሠራል። ስንት ጊዜ የላኩት ጥያቄ መልስ ያገኘው ሰሞኑን ነው፤ መልሱም ከመጋዘን ጥግ የተገኘች አንዲት የማስነሻ ጥርስ ናት። ከእሷ በኋላ ሌላ የለም። ይህን ብለው ጥርሷን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሯት።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ግሪቮላ በእግር ተረግጦ የሚነሳ ሞተር ነው። ሲረገጥ ውስጡን የምታዞረው ጥርሳም ብረት ማስነሻ ጥርስ ትባላለች። በማንኛውም ግሪቮላ ላይ ቀድማ ተበልታ የምታልቀው እሷ ናት። እሷ ካለቀች እግር ይረግጣል፣ ሞተሩ ዝም ይላል። ተገፍቶ ይነሳ እንዳይባል ክብደቱ የበሬ ነው፤ የሚገፋ ሰው ቢገኝም ከሰውየው ትንፋሽ በቀር የሚነሳ ነገር የለም።

የጥርስ ሐኪሙ ይህ ሁሉ ሲሸጥልን ለምን አልተነገረንም ሲሉ ጠየቁ። ወኪሉ መናገራቸውን አስታወሱ፤ “ልዩ ሞተር ነው” ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው እንደነበር አብራሩ።

በዚህ መሃል ሊቀመንበሩ የወኪሉን ሄልሜት ከኮት መስቀያው ላይ አዩት። የሌላ ፋብሪካ ምልክት ነበረበት። ሲጠየቁም ወኪሉ በሌላ ሞተር መምጣታቸውን፣ ሞተሩም በር ላይ መቆሙን፣ የመረጡትም መለዋወጫው በየሱቁ ስለሚገኝ መሆኑን ሳይደብቁ ተናገሩ። ሊቀመንበሩ “እርስዎ ያልቀመሱትን ነው ያጎረሱን?” አሉ። ወኪሉ አንድ ጊዜ ቀምሰው እንደነበር፣ የተዉትም ስለቀመሱ መሆኑን መለሱ። ስብሰባው ታወከ። የጥርስ ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ያለውን መሪ ወደ ግራ ማጠፋቸው ታይቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የወኪሉ ሄልሜት እስከ ስብሰባው ፍጻሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ ፪፦ ጥርሷ ለማን ትሁን

ሊቀመንበሩ ግሪቮላን በዚህ ከተማ ቀድመው የገዙት እሳቸው እንደሆኑ አስታውሰው፣ መግዛቱ ስህተት ከሆነም ቀድመው የተሳሳቱት እሳቸው በመሆናቸው ካሣው ከእሳቸው ሊጀምር ይገባል አሉ። የጥርስ ሐኪሙ በበኩላቸው ጥርስ የተባለ ነገር ሁሉ በሙያቸው ሥር መሆኑን ገለጹ። ሊቀመንበሩ መርፌም ዓይን እንዳላት፣ ነገር ግን የዓይን ሐኪም መጥቶ ክር አስገብቶላት እንደማያውቅ ተናገሩ።

ሊቀመንበሩ ቀጥለው ከማንም ይልቅ ችግሩ በእሳቸው እንደሚብስ ሲያስረዱ፣ ሞተሩ መበላሸቱን ለሚስታቸው እስካሁን አለመናገራቸውን፣ ማታ ማታም ሄልሜት አድርገው እስከ መንገዱ ጥግ እየገፉት ሄደው ጥቂት ቆመው እንደሚመለሱ ገለጹ። ይህ እንዳይጻፍ አዘዙ። ማዘዛቸው ተጽፏል። ሚስታቸው የጸሐፊው እህት በመሆኗ፣ እሷም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለምታውቅ፣ ጸሐፊው ዝም ማለትን መርጧል።

ከዚያ ሐሳቦች ቀረቡ። አንደኛው ጥርሷ በየሳምንቱ ከሞተር ወደ ሞተር እየተዛወረች ሁለቱንም ታገልግል የሚል ነበር። ወኪሉ አንድ ችግር አነሱ፦ የከተማው መካኒክ ግሪቮላ ከሩቅ ሲያይ ከመኪና ሥር ገብቶ እንግዳው እስኪሄድ አይወጣም፤ ስለዚህ መፍታቱም መግጠሙም በባለቤቶቹ እጅ ነው፤ በእነሱ እጅ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ይፈጃል። በዚህ አሠራር ጥርሷ ስትዞር ትኖራለች እንጂ ማንም አይነዳም። ሊቀመንበሩ ቢያንስ አድልዎ የለበትም ብለው ሐሳቡን ደገፉ። ውድቅ ሆነ።

የጥርስ ሐኪሙ ለሰው ጥርስ ልክ በሚወስዱበት ሊጥ የጥርሷን ልክ ወስደው ሰው ሠራሽ ምትክ እንደሚሠሩ ቃል ገቡ። ምትኩ ምን ያህል እንደሚቆይ ሲጠየቁ፣ ጠንካራ ነገር ካልነከሰ ዕድሜ ልክ ይቆያል አሉ። ማስነሻ የሚነክሰው ብረት መሆኑ ሲነገራቸው ሐሳባቸውን አነሱ።

በመጨረሻ ሁለቱ ሞተሮች ተፈትተው አንድ ይሁኑ፣ የፊቱ ከሊቀመንበሩ የኋላው ከሐኪሙ ይምጣ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ያላቻ ጋብቻ ነው ያለ ነበር። ማን ፊት ይቀመጣል በሚለው ላይ ድምፅ ከፍ ብሎ የልኬት ሜትር መሬት ተጥሏል። አንዱ መሄድ ፈልጎ ሌላው ባይፈልግ ግማሹ ሞተር ቤት ይቀር እንደሆነም ተጠይቆ አጥጋቢ መልስ አልተገኘም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሞተሮቹ አንድ እንዲሆኑ፣ ሲሄዱ ሊቀመንበሩ ሲመለሱ ሐኪሙ ፊት እንዲቀመጡ ተወሰነ። ሁለቱም እጃቸውን አወጡ። ፊታቸው አልተፈታም።

አጀንዳ ፫፦ የሟቹ መምህር ሞተር

እትዬ እስከዚህ ድረስ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲያዳምጡ ቆይተዋል። የተጠሩትም ለዚህ አጀንዳ ነበር። ሊቀመንበሩ ተነሥተው መምህሩ ለማኅበሩ የነበራቸውን ፍቅር፣ ሞተራቸውን እንደ ሙሽራ ይወለውሉ እንደነበር ዘርዝረው፣ ሰው ያልፋል ብረት ግን ይቀራል በሚል ንግግራቸውን ወደ ጉዳዩ አመጡት። ጉዳዩም፣ ለሚዋሐደው ሞተር የሚጎድሉ ዕቃዎች ስለሚኖሩ የመምህሩ ግሪቮላ ለመለዋወጫ ይሰጠን የሚል ነው። የጥርስ ሐኪሙ ሳያምማቸው እንደሚፈታ አረጋገጡላቸው።

እትዬ ሞተሩን ይዘውት መምጣታቸውን፣ ዕቃ ጫኝ በጋሪ አምጥቶት በር ላይ በአንሶላ ተሸፍኖ መቆሙን ተናገሩ። ሊቀመንበሩ አመሰገኗቸው። እትዬ የመጡት ግን ለመስጠት አለመሆኑን ገለጹ።

ከዚህ የሚከተለውን ጸሐፊው በቃላቸው ጽፏል።

“እሱ ይህን ሞተር ሲያመጣ ሰባራ ነበር። አንድ ቀን ተነሥቶ አያውቅም። ኮሪደር ላይ አቁሞት፣ ማታ ከሥራ ሲገባ እሱ ፊት እኔ ኋላ እንቀመጥበት ነበር። የት እንሂድ ይለኛል። እኔ አገር እጠራለሁ፣ እሱ መሪውን ያዞራል። አልጋ ላይ ተጣልተን እናውቃለን፣ ጠረጴዛ ላይም ተጣልተናል፤ እዚያ ላይ ግን አንድም ቀን። አሁን ብቻዬን ስቀመጥበት ቤቱ በጣም ዝም ይላል። ድምፁ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳላውቀው መቅረቴ ነው የከነከነኝ። አንድ ጊዜ ልስማው። ሌላ አልፈልግም።”

ወኪሉ ሞተሩን ለመምህሩ ሲሸጡ የማስነሻ ጥርሱ ማለቋን ያውቁ እንደነበር፣ መምህሩም ያውቁ እንደነበር፣ “ግድ የለም፣ ሚስቴ ፍጥነት ትፈራለች” ብለው መውሰዳቸውን ተናገሩ። ከዚያ ወኪሉ ተነሥተው ሄልሜታቸውን ራሳቸው ይበልጥ ወደ ግድግዳ አስጠጉት።

ሊቀመንበሩና የጥርስ ሐኪሙ ተያዩ። በዚህ አጀንዳ ያለ ውይይት ጥርሷ ለመምህሩ ሞተር እንድትሆን ተወሰነ። ድምፅ የሰጠ የለም፤ የጥርስ ሐኪሙ ጥርሷን አንስተው ወደ በሩ ስለሄዱ ስብሰባው ተከተላቸው።

አጀንዳ ፬፦ በፕሮግራሙ ያልተያዘ

ስብሰባው በሱቁ በር ላይ ቀጠለ። ሞተሩን የፈቱት የጥርስ ሐኪሙ ናቸው። ሲፈቱም በልማድ “አፍዎን ይክፈቱ” ማለታቸው ተሰምቷል። ሊቀመንበሩ የተፈቱትን ብሎኖች በመርፌ መሰኪያ ትራስ ላይ በተራ ደረደሩ። ወኪሉ የመመሪያውን መጽሐፍ ይዘው ሥዕል በሥዕል አሳዩ፤ ቋንቋውን ማንም አያውቀውም፣ መጽሐፉን ሲሸጡም አላወቁትም ነበር። እትዬ አንሶላውን አጥፈው በክንዳቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ነዳጅ አለመኖሩ ታወቀ። ሊቀመንበሩ ማኅበሩ ነዳጅ ከገዛ ቆይቷል አሉ። ወኪሉ ከራሳቸው ሞተር በቱቦ ስበው ቀዱለት። የሌላ ፋብሪካ ነዳጅ ግሪቮላ ውስጥ መግባቱ ደንቡን ይጥስ እንደሆነ ጸሐፊው ጠየቀ። እንዲቀመጥ ተነገረው። ወንበር አልነበረም።

ረገጣው በተራ ሆነ። ሊቀመንበሩ ረግጠው አልተነሳም። የጥርስ ሐኪሙ ረግጠው ሳል ብጤ አሰማ። ወኪሉ ረግጠው ጫማቸው ወለቀ። እትዬ ቦርሳቸውን ለጸሐፊው ሰጥተው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ረገጡት። ተነሳ።

ድምፁን በጽሑፍ ማስፈር ከጸሐፊው ችሎታ በላይ ነው። የስፌት መኪናዎቹ በየጠረጴዛቸው ተንቀጠቀጡ፣ ጎረቤት መስኮት ከፈተ። እትዬ ኮርቻው ላይ ወጡ፤ ከፊት አልተቀመጡም፣ ከኋላ ነው። መሪው ባዶውን ነበር። ሊቀመንበሩ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ሐኪሙ መለሱላቸው፣ ምን እንደተባባሉ አልተሰማም። ስለዚህ አልተመዘገበም። የሞተሩ ማጥፊያ እንደማይሠራ ታወቀ፤ ይጥፋ ያለ ሰውም አልነበረም። ነዳጁ እስኪያልቅ ሁሉም በያሉበት ቆሙ።

ጸጥ ሲል እትዬ ወረዱ። “እንደሱ ነው ለካ የሚጮኸው” አሉ። “በሉ አሁን ጥርሷን ውሰዱ፤ እናንተ ትነዱበታላችሁ።”

የጥርስ ሐኪሙ ለሊቀመንበሩ ትሁን አሉ። ሊቀመንበሩ የለም ለሐኪሙ አሉ፤ እሳቸው ማታ ማታ መግፋቱን ለምደውታል፣ ለጤናም ይበጃል። ሐኪሙ ታክሲ ይመቸኛል ብለው መሪውን ከወንበሩ አመጡና ይህን እየያዘ የሚሄድ ሰው ሁሉም ቦታ ይለቅለታል አሉ። ቀድሞ ለእኔ ትሁን ሲባባሉበት ከነበረው ያላነሰ ጠብ ሆነ። ሐኪሙ ሊቀመንበሩን ግትር አሏቸው። ሊቀመንበሩ ሐኪሙ ዘንድ ከእንግዲህ ጥርስ እንደማይነቀሉ አስታወቁ። ወኪሉ መፍቻውን አንስተው ማን ይፍታው ቢሉ ሁለቱም እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦ በዛሬው ስብሰባ ስለ መሪው፣ ስለ ሄልሜቱ፣ ስለ ሞተሮቹ መዋሐድና ስለ ጥርሷ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ጥርሷን የመስጠትም ሆነ የመውሰድ ውሳኔ የለም። ጥርሷ የማንም ስላልሆነች ካለችበት አትነካም። ሞተሩ ወደ ኮሪደሩ ይመለስ።

ጋሪ የሚገፋው ሰው ሄዶ ስለነበር ሊቀመንበሩ፣ ሐኪሙና ወኪሉ እየገፉት፣ እትዬ ከጎኑ እየሄዱ፣ ስብሰባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተበተነ።

ጸሐፊው፣ የእትዬን ቦርሳ እንደያዘ።