የእማማ ትርንጎ አሥራ አራት ቁጥር

በቀረችኝ አንዲት መንጋጋ እምላለሁ፣ የምነግራችሁን አታምኑትም። አልቀየማችሁም። የገዛ ሚስቴ እንኳ ዝናብ ጣለ ስላት በመስኮት አጮልቃ ሳታይ አታምነኝም። ይኸኛው ግን እውነት ነው፤ ምነው ውሸት በሆነ።

ከተማ ለቤት ቁጥር እንዴት እንደሚሰጥ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ትምህርት ቤትን ከደጁ እንጂ ከውስጡ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ቁጥር የለየሁት ከአውቶቡስ ግንባር ላይ ነው። ቢሆንም እዚህ እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ስኖር ስኖር ገብቶኛል። መንገዱን ከአንድ ጫፉ ይይዙና ጎዶሎውን በአንድ ወገን፣ ሙሉውን በሌላው ወገን እያደሉ ይሄዳሉ። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት ወዲህ፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ወዲያ። እንደ ሰልፍ ያምራል። እኛ ጎንደር ቤት የምንጠራው በሰው ነበር፤ ባለቤቱ ቢሞት እንኳ ቤቱ የእገሌ ቤት እንደተባለ ይኖራል። እዚህ ሰው በቤቱ ቁጥር ይጠራል። ቁጥር ደግሞ አይሞትም። ይዛወራል እንጂ።

እማማ ትርንጎ፣ የአክስቴ ልጅ ናቸው፣ የሚኖሩት ሦስት መግቢያ ባለው በአሥራ አራት ቁጥር ሕንፃ ነበር። የዚያ መንገድ ሕንፃዎች ሁሉ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ይመስላሉ፤ የመግቢያዎቹማ ነገር አይነሣ። እኔ የሳቸውን መግቢያ የምለየው በደጁ በነበረች በለስ ነው። አንድ ጊዜ በለሷ ተቆረጠችና ከጎኑ፣ ጫፉን ለማየት ቀና ሲሉ ቆብ የሚያስጥል ፎቅ በቀለ። ፎቁ ቁጥር ፈለገ። የዒሪያ ሰዎች፣ ማዘጋጃ ቤቱን እዚህ እንዲያ ነው የምንለው፣ መጥተው ለፎቁ ሃያ ሰጡት። እግረ መንገዳቸውንም ለየመግቢያው የራሱን ቁጥር አደሉ፤ የመጀመሪያው አሥራ አራት ሆኖ ቀረ፣ መካከለኛው አሥራ ስድስት፣ የእማማ ትርንጎ መጨረሻው አሥራ ስምንት ተባለ።

እማማ ትርንጎ እምቢ አሉ። ታናሽ ወንድማቸው ፈንታሁን ጎንደር ላይ ዛሬ ትሄዳለህ፣ ነገ ትሄዳለህ እየተባለ ጠጉሩ እስኪነጣ ወደኛ መምጫ ፈቃድ ይጠብቅ ነበር። አድራሻቸውን በወረቀት አስጽፈው ልከውለት ወረቀቷን ከኪሱ አይለያትም። አሥራ አራት ትላለች። እና እማማ ዒሪያ ድረስ ሄደው፣ ወንድሜ የሚያውቀኝ በአሥራ አራት ነው፣ የሚመጣውም በአሥራ አራት ነው፣ ቁጥሬን መልሱልኝ ብለው ቆሙ። ጸሐፊዋ ማኽሼቩ፣ ኮምፒውተሩ ማለቷ ነው፣ እሺ አይልም አለቻቸው። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ እኔ ሳወራው ሠላሳ አደርገዋለሁ። ቢሸነፉም አልተረቱም፤ ቤትዎ ስንት ቁጥር ነው ላላቸው ሁሉ አሥራ አራት ነው የሚሉት። እኔንም እንደዚያው፤ የቁጥሩን ጣጣ የሰማሁት ኋላ ነው።

ፈንታሁን እዚያው ጎንደር ሞተ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ዙሪያዋን ተይዛ ነው ሐዘንተኛ የምትረዳው። በዚያ ላይ እማማ ልባቸው ደካማ ነው፤ ብቻቸውን ሳሉ አንዱ ደውሎ ቢያፈነዳባቸው ሁለተኛ ሬሳ ነው። እኛ ዘመዶቹ አፋችንን ለጉመን ሰንበት እስኪወጣ ጠበቅንና እሑድ ሲነጋጋ አምስት ወንዶች ሆነን ሄድን። እኔን የጨመሩኝ ቁጥር ስለማነብ ነው። የሁላችን ታላቅ አባባ አድማሱ፣ አንዲት ቀልድ ካፍህ ብትወጣ አንተን አስቀድሜ ነው የምቀብርህ ብለውኛል።

በለሷ የለችም። አሥራ አራትን ግን አገኘሁት፤ እየተጎማለልኩ አስገባኋቸው። ምድር ቤት፣ በስተቀኝ፣ እንደማውቀው። አንኳኳን።

የከፈቱት ጆርጀት የሚባሉ የሞሮኮ ባልቴት ናቸው። ልጃቸው ወታደር ነው። እስቲ እናንተ ሁኑ፤ ልጃችሁ ጦር ሜዳ ሆኖ፣ ገና ሲነጋጋ አምስት ወንድ በራችሁ ላይ አንገቱን ደፍቶ ስታዩት። እዚህ አገር የወታደር መርዶ በር ድረስ የሚያመጡት መለዮ ለባሾች ናቸው፤ እኛ መለዮ አልለበስንም፤ ሐዘን ግን መለዮ አይፈልግም። አንድ ቃል ሳንተነፍስ ጮኹ።

ቀጥሎ የሠራነውን የእኛ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ለቅሶ ሲነሣ ቆሞ ማጣራት ነውር ነው። አባባ አድማሱ፣ እኚህ የትርንጎ ጎረቤት ቀድመው ሰምተዋል ማለት ነው ብለው፣ ወየው ፈንታዬ ሲሉ አራታችንም ተከተልን። እኛ ለፈንታሁን እናለቅሳለን፣ ጆርጀት ለልጃቸው ያለቅሳሉ፤ እኛ እንባ ባፈሰስን ቁጥር የሳቸው ልጅ ይበልጥ ይሞታል። ዕብራይስጣችን እንደሆነ ለገበያ እንጂ ለለቅሶ አይበቃም።

ሕንፃው ተነሣ። ከሁሉ ቀድመው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከአሥራ ስምንት እየሮጡ የደረሱት ማን ይመስሏችኋል? እማማ ትርንጎ። ጆርጀትን አቅፈው ደረታቸውን ደቁ። ዘንቢሌን ከገበያ ይሸከምልኝ የነበረው ልጅ እያሉ፣ ለሰው ልጅ ያን ሁሉ እንባ አወረዱት። ኋላ ቀና ሲሉ እኛን አዩ።

"ለጎረቤቴ ብላችሁ በዚህ ማለዳ መጣችሁልኝ?" አሉ። "እግዚአብሔር ይስጣችሁ።"

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተመርቄአለሁ፤ እንደዚያ ያቃጠለኝ ምርቃት ግን የለም። እናቲቱን ለማሳረፍ እኅቲቱን መግደል ነበረብን፤ በዝምታችን ደግሞ ሁለቱም እየሞቱ ነው። መጨረሻ ላይ እኔው ቀደምኩ። ጆርጀትን "ሀበን ሼላኽ በሴዴር" አልኳቸው፤ ልጅሽ ደኅና ነው ማለት ነው፤ ያለችኝ ዕብራይስጥ እሷው ናት። ትክ ብለው አዩኝና እንደ ጨርቅ እማማ ትርንጎ ላይ ወደቁ።

እማማ ደግፈዋቸው እንደቆሙ፣ "ታዲያ ማን ሞተ?" አሉ።



"ፈንታሁን" አልኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ይቀልዳል ያለኝ ሰው አልነበረም።

ጆርጀት ቃሉን አላወቁትም፤ ነገሩ ግን ገባቸው። ተደግፈው የነበሩት ሴት አሁን ደጋፊ ሆነው እማማን ጥብቅ አድርገው ያዟቸው። እማማ ግን አልወደቁም። እንባቸውን አስቀድመው ለሰው ጨርሰውት ኖሯል መሰል፣ ከበሩ በላይ የተመታችውን አሥራ አራት ቁጥር አንጋጠው አዩ።

"የዒሪያን ሰዎች አላልኳቸውም?" አሉ። "ወንድሜ የሚመጣው በአሥራ አራት ነው ብዬ።"